«ለማርያም ሰጥቻታለሁ» ስትል እናቴ ያልነገረችኝ

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተያዘ በ9ኛው ቀን፣ ስልኬ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አላነሳሁትም። ሁለተኛ ደወለ። አሁንም አላነሳሁትም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ ብል ውሸት ነው፣ ቲክቶክ ላይ ነበርኩ። በሦስተኛው አነሳሁ። የእናቴ ጎረቤት ናቸው። «ልጄ፣ እናትህ ቅዳሴ ላይ አዙሯት ወድቃለች። ወደ ጤና ጣቢያ እየወሰድናት ነው፣ ቶሎ ድረስ።»

ስደርስ እማዬ ነጠላዋን እንዳጣፋች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን ትናገራለች፣ እጇንም ታንቀሳቅሳለች። ግፊቷ 204 በ118 ነበር። ለማታውቁት፣ ሐኪሞች አንድን ሰው «ደም ግፊት አለብህ» የሚሉት በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝበት ነው። 204 ስትሮክ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚያንኳኳበት ቁጥር ነው።

ነርሷ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት። «እናቴ፣ መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?»

«አይ ልጄ፣ ሱባዔ ስገባ ለማርያም ሰጥቻታለሁ።»

ነርሷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። «ይኼንን ያህል ፊደል ቆጥረህ፣ እናትህን እንዲህ ትተዋታለህ?» የምትል መሰለኝ። አፈርኩ። ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ራይድ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ሰበክኩላት። ደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ እንደሚገድል፣ ክኒን ማቆም በሕይወት መጫወት እንደሆነ፣ እግዚአብሔር ጭንቅላት የሰጠን እንድናስብበት እንደሆነ፣ ምን ያላልኩት አለ! ሹፌሩም ተጨመረና «ልክ ነው እናቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው» አለ። እማዬ በመስኮቱ ዝናቡን እያየች ዝም አለች።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ስብከቴ ነው። ስህተት ነበር። ያልኩት ነገር ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ለተሳሳተ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ስለነበር ነው።

ቤት ገብታ ከተኛች በኋላ መድኃኒቷን ልፈልግ መሳቢያውን ከፈትኩ። የአምሎዲፒኑን እሽግ ከነደረሰኙ አገኘሁት። በቀን አንድ የሚዋጥ ክኒን ነው። ደረሰኙ ሰኔ 14 ይላል፣ 30 ክኒን። እሽጉ ውስጥ የቀሩት ግን ሙሉ አልነበሩም፤ በቢላ እኩል የተቆረጡ ግማሾች ናቸው፣ በሶፍት ተጠቅልለው። ቆጠርኳቸው፣ 13 ግማሽ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሌላው ቢቀር መደመርና መቀነስ ይችላል። በቀን አንድ ብትወስድ ኖሮ 30ው ክኒን ሐምሌ 13 ያልቅ ነበር። በቀን ግማሽ ከወሰደች ደግሞ ከሰኔ 14 እስከ ሐምሌ 30 ድረስ ባሉት 47 ቀናት 47 ግማሽ ሄዷል፣ 13 ይቀራል። ሒሳቡ አንዲት ሳይዛነፍ ገጠመ። እማዬ መድኃኒቷን መቁረጥ የጀመረችው ነሐሴ 1 ቀን፣ ሱባዔ ስትገባ አልነበረም። ያን እሽግ ከገዛችበት ቀን ጀምሮ ነው። ማርያም የተሰጣት የተረፈው ነው።

በማግስቱ ጠየቅኳት። ስብከት የለም፣ ቁጣ የለም። «እማዬ፣ ለምን ለሁለት ትከፍይዋለሽ?»

ትንሽ ዝም ብላ «በግንቦት ሥራ ቀዘቀዘ አላልከኝም?» አለችኝ።

ብያለሁ። እውነትም ቀዝቅዞ ነበር፤ የምጽፍላቸው ሁለት ድርጅቶች ክፍያ አዘግይተውብኝ በየወሩ የምሰጣትን ብር ቀንሼ ነበር። ግን በዚያው በግንቦት ይህን ጽሑፍ የምጽፍበትን ስልክ ገዝቻለሁ። የእሷ የወር መድኃኒት ዋጋ ከእኔ የወር ዳታ ጥቅል ብዙም አይበልጥም። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም፤ ብደብቀው ግን የተቀረው ሁሉ ዋጋ አይኖረውም።

አንዳንዳችሁ አሁን «እንግዲያው እምነቱ ሰበብ ነበር ማለት ነው» ልትሉ ነው። ቀስ በሉ። እናቴን አውቃታለሁ። እሷ ማርያምን የምታምነው እኔ ነገ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች ብዬ ከማምነው በላይ ነው። ብሩ ሲያጥራት፣ ልጇን ማስጨነቅ ሳትፈልግ፣ ሌላ የምትሄድበት በር ሳይኖራት፣ ወደምታውቀው በር ሄደች። ያ ማስመሰል አይደለም። ግን እኛ የምንሰማው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ሲባል የሚያምነው «አሜን» ይላል፣ የማያምነው ከንፈሩን ይመጣል፣ ሁለቱም ወሬውን እዚያው ይዘጉታል። ከዚያች ዓረፍተ ነገር በፊት ምን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም።

ለምን እንደዚያ እንደሚባልም ይገባኛል። በእኛ አገር እናት ለልጇ «አጣሁ» ማለት ሞት ነው። «ለእግዚአብሔር ሰጠሁት» ማለት ግን ክብር ነው። ሁለት መልስ ካለህ፣ አንዱ የሚያዋርድህ፣ ሌላው የሚያስከብርህ፣ የቱን ትመርጣለህ?

ነገሩ የኦርቶዶክስ እናቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካምፓስ ሳለን የዶርም ጓደኛችን ቲቢ ተገኘበት። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። ጥቂት ሳምንት ሲወሰድ ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ ይበላል፣ ሰውነት ይመለሳል፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው፣ ባክቴሪያው አላለቀም። ልጁ በሁለተኛው ወር አንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ተጸለየለት፣ «በስሙ ተፈውሻለሁ» ብሎ መመስከሩን ሰማን፣ መድኃኒቱን አቆመ። እኛ ዶርም ውስጥ ለሁለት ተከፈልን፤ ግማሹ «ክብር ለጌታ» አለ፣ ግማሹ ከኋላው አሾፈበት። ተመልሶ ሲታመም መድኃኒቱን እንደ አዲስ ጀመረ። ከተመረቅን በኋላ ቡና እየጠጣን ለምን እንዳቆመ ጠየቅኩት። «መድኃኒቱን ለመዋጥ በየቀኑ በዚያ በር ስገባ የክላሳችን ልጆች ያዩኝ ነበር» አለኝ። ፊቱን ሸፍኖ የሚሄድበትን መንገድ ሳይቀር ነገረኝ። ከሁለት ወር በላይ የተሸከመው እፍረት ነበር፣ የሚያበቃበትን መንገድ ሲያገኝ ያዘው። ከእኛ ውስጥ አንዳችን እንኳ «አብሬህ ልሂድ?» አላልነውም። የጸለዩትም ያሾፉትም።

እስቲ ወደ እምነቱ ራሱ እንምጣ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ያላለችውን በስሟ እንናገራለን።

እናቴ ከወደቀች በአራተኛው ቀን የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጡ። እኔ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ልሟገታቸው። «አባ፣ መድኃኒቷን እንድታቆም ነግረዋታል?» አልኳቸው፣ ትንሽ ድፍረት በተቀላቀለበት ድምፅ። ክው ብለው አዩኝ። «እኔ? ግፊት እንዳለባት የሰማሁት እኮ ዛሬ ነው!» ወደ እሷ ዞረው በክርስትና ስሟ ጠሯትና ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቋት። «አባቴ፣ ጾሜን ያስፈቱኛል ብዬ ፈርቼ» አለች። ጠዋት ለመድኃኒት ብላ ውሃ መቅመሱ ጾሟን የሚሽርባት መስሏት ኖሯል። እሳቸውም ሳቅ ብለው «ጠዋት ጠበል ትጠጪ የለ እንዴ? በጠበሉ ዋጪው» አሏት። አለቀ። ሦስት ወር የተጠራቀመ ጣጣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር። (ይህ ለእናቴ ክኒን ነው። ስኳር ያለበት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ ሐኪሙን ሳያማክር ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የእሱ ጉዳይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አያልቅም።)

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን እንጦጦ ላይ ጠበል ሊጠመቁ የሚሰበሰቡ ሕሙማን ብዙ ነበሩ፣ «ጠበሉ ወይስ ክኒኑ» የሚለው ጥያቄም ሰው እየገደለ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጠበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያኔ እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ዛሬም ያው ጥያቄ የእኔ እናት መሳቢያ ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ ተገኘ።

መጽሐፉንም ገለጥ አድርጌያለሁ፣ ሊቅ ነኝ አልልም። በእኛ 81 መጻሕፍት ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ስለማክበርና እግዚአብሔር ከምድር ስላወጣው መድኃኒት ይናገራል። ሲራክን የማትቀበሉ ጴንጤ ወዳጆቼ፣ ንጉሡ ሕዝቅያስ አለላችሁ፤ አልቅሶ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማው፣ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ጸሎቱም ተሰምቷል፣ በለሱም ተለጥፏል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለሆዱ ሕመም የሚሆን ነገር መክሮታል፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለመድኃኒት ነበር። ከሁሉ በላይ እኔን የሚይዘኝ ግን የመቅደሱ ጫፍ ታሪክ ነው። ሰይጣን ክርስቶስን «ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል» ብሎ ሲፈትነው የጠቀሰው የመዝሙር ቃል ሐሰት አልነበረም። ክርስቶስ ግን አልዘለለም። በደረጃ ወርዶ ይሆናል፤ መጽሐፉ አይነግረንም።

አሁን ደግሞ ለእኛ፣ ለስልክ ትውልድ። በእናቶቻችን ጠበል የምንሥቅ ሰዎች አንዳንዴ ራሳችንን ብናይ ጥሩ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የማላውቀው ሰው ቲክቶክ ላይ «ጉበት የሚያጥብ» ብሎ ያቀረበውን የሎሚ፣ የዝንጅብልና የምን እንደሆነ ያልገባኝ ዱቄት ውሕድ ለሁለት ሳምንት በባዶ ሆዴ ጠጥቻለሁ። ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተማረ አልጠየቅኩም። ላይኩ ብዙ ነበር፣ አመንኩ። እናቴ ቢያንስ የምታምነውን ታውቀዋለች። ግፊቴን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካሁት መቼ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። ካምፓስ ስንገባ ይመስለኛል።

ጾማችንም ቢሆን። ከአብይ ጾም እስከ ረቡዕና ዓርብ ድረስ ቢቆጠር የዓመቱ ግማሽ ገደማ ከሥጋና ከቅቤ ተለይተን የምንከርም ሕዝብ ነን። ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ተልባ፤ ሌላው ዓለም በገንዘብ የሚፈልገው ምግብ ነው። እኛ ደግሞ በዘይት የተዘፈቀ ሳምቡሳ፣ የጾም ኬክና የጾም በርገር አመጣንበት፣ ጨው ደግሞ ለጉድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። የእናቴን ወጥ ለክቼው አላውቅም፤ ብለካው የምደነግጥ ይመስለኛል። ደግሞ ለፋሲካ በአንድ ሌሊት የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ወደ ብሩ ልመለስ፣ ነገሩ እዚያ ነውና።

እማዬ የጤና መድን አላት ብዬ አስብ ነበር። የላትም። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ በስፋት የተዳረሰ ሥርዓት ነው። ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ ውል ባላቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ይታከማል። ችግር የለበትም አልልም፤ መድኃኒቱ በተቋሙ ሳይኖር ሲቀር ወደ ውጭ ፋርማሲ ትላካለህ፣ ከኪስህ ትገዛለህ። ቢሆንም የዓመቱ መዋጮ የሚሰበሰበው በተወሰነ ወቅት ነው፣ እማዬ ያን ወቅት ያለፈችው «እግዚአብሔር ካለ አልታመምም» ብላ እንደሆነ ነግራኛለች። ይህንንም ስጠይቃት ከኋላው ሌላ ነገር ወጣ፤ በዚያ ወር የእድር ውዝፍ ነበረባትና ለእድር ከፈለች።

ይህ ነገር ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ከመድን እድርን መረጠች። እድሯ ትልቅ ነው፣ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። እማዬ ብትሞት በዚያው ቀን ድንኳን ይተከላል፣ ለቤተሰብ ብር ይሰጣል፣ ሦስት ቀን ሰው ይበላል። እሷ እንዳትሞት ለሚደረገው ነገር ግን አንድ ሳንቲም የለውም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ለቀብር የሚወጣው የአንድ ሰው ገንዘብ ስንት ዓመት የግፊት መድኃኒት እንደሚገዛ ማንም ቁጭ ብሎ ሊያሰላው ይችላል። እኔ አስልቼ ነበር፣ የቤተሰቡን ሒሳብ አደባባይ ማውጣት ስለማይገባ እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ እድሩ ሲሰበሰብ በእማዬ ቦታ ሄድኩ። ሁለት ነገር ጠየቅኩ። አንደኛ፣ እድሩ አቅም ለሌላቸው አረጋውያን አባላት የዓመቱን የጤና መድን መዋጮ ይሸፍን። ሁለተኛ፣ አንድ የግፊት መለኪያ ተገዝቶ በየወሩ ስብሰባ ላይ የፈለገ ይለካ። የሰበሰብኩት ድጋፍ ሳቅ ነበር። ሰብሳቢው ደግ ሰው ናቸው፣ አላመናጨቁኝም። «ልጄ፣ እድር የሚቀብር ማኅበር ነው። ዕድሜ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው» አሉና ጉዳዩን በይደር ያዙት። «አሜን» ተባለ። እኔም ከልማድ «አሜን» አልኩ።

ወጥቼ ዝናቡን በረንዳ ላይ ቆሜ ሳሳልፍ የእድሩ ጸሐፊ ከኋላዬ መጡ። ሰባ ዓመት የሚሞላቸው፣ ከተማው የሚያውቃቸው ጸሎተኛ ሰው ናቸው። ማንም እንዳይሰማቸው ግራ ቀኝ አዩ።

«ያ መለኪያ ያልከው ነገር፣ ቤት ውስጥ ሰው ራሱ ሊለካበት ይችላል?»

«ይችላል አባባ።»

«እህም» አሉ፣ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። «እኔም እኮ ነበረብኝ። ከሚያዝያ ወዲህ ለእግዚአብሔር ሰጥቼው ነው።»

አፌ ላይ የመጣው ያው የራይዱ ስብከት ነበር። ዋጥ አደረግኩት።

«አባባ፣ የወሩ መድኃኒት ስንት ይሸጥልዎታል?» አልኳቸው።